የሰባት ቁጥር ጥንድ

ማክሰኞ፣ ከሰልፉ በኋላ በአስራ ዘጠነኛው ቀን

ለበኩር ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እናትሽና እኔ ቆመን እንሄዳለን። ስልኩን ስለማላምነው ይህን ደብዳቤ ወደዚያ በምትበረው፣ ከወንድምሽ ጋር በምትሰራው ነርስ እህት እጅ ልኬልሻለሁ።

ባለ ሦስት መስመር ወረቀትሽ ደርሶኛል። በጸረ ሽብር ትብብሩ ድርድር ላይ የልዑካን ቡድናችን መሪ የአንድ ብረት ፎቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ "ሰልፈኞቹ ፖሊስ የሚወጉበት ጦር ይህ ነው" ማለቱን ጽፈሻል። አስተርጓሚዋ አንቺ ነሽና ቃሉን በራስሽ አፍ ለውጭ አገር ሰዎቹ ነግረሻል። ብረቱ ላይ የተመታውን ምልክት ያየሽው ከዚያ በኋላ ነው። "አባዬ፣ ያንተ ነው?" ብለሽ ጠይቀሻል።

የእኔ ነው። ሌላ ሰው አስመስሎ አይመታውም።

ወንድምሽን በተመለከተ፣ እናትሽ መንጋጋው ስለተጎዳ መናገር አይችልም ብላ በስልክ ነግራሻለች። አጠገቧ ቆሜ ሰምቻታለሁ፤ ዝም አልኩ። ያ ዝምታ ውሸት ነበር፤ አሁን አስተካክለዋለሁ። ወንድምሽ ሞቷል። በሰልፉ ቀን ከቀትር በኋላ፣ ከብየዳ ቤቴ ፊት ለፊት ገደሉት። ቆመሽ እያነበብሽ ከሆነ ተቀመጪ። የቀረውን ከመጀመሪያው እጽፍልሻለሁ።

ከሰልፉ ሁለት ሳምንት በፊት ወንድምሽ ከሆስፒታል ስራው እንደወጣ በቀጥታ ወደ እኔ መጣ። የራጅ ክፍሉን ነጭ ጋውን እንኳ አላወለቀም። ባለፈው ሰልፍ አምቡላንስ እንዳይገባ መንገዱ ተዘግቶ፣ ሰዎች ቁስለኞችን እጅና እግራቸውን ይዘው ሲጎትቱ ነበር የዋሉት። "አከርካሪዋ የተሰነጠቀ ተማሪ ራጅ ያነሳሁት እኔ ነኝ" አለኝ። "ባይጎትቷት ኖሮ ትራመድ ነበር።"

ሰልፍ እንደማልወድ ታውቂያለሽ። "በጩኸት የተቃና አገር አላየሁም" አልኩት።

"አባዬ፣ ሰልፍ ውጣ መቼ አልኩህ? አስራ ሁለት ቃሬዛ ስራልኝ ነው የምልህ።"

"ቃሬዛ ከሆነ እሰራለሁ።"

ሁለት ቧንቧ፣ በመሃል ሸራ፣ ሸራው እንዲወጠር ዳርና ዳር ሁለት አግዳሚ ብረት። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ሸራውን ሰፋችልን። አግዳሚዎቹ የሚገቡበትን ቀዳዳ እንደ ልማዴ በዓይኔ ገምቼ በሳሁ። ትምህርት ቤት የተማሩት በዚህ ይስቁብኛል፤ ይሳቁ። ነገር ግን በዚህ መንገድ የተበሳ ቧንቧ ከገዛ ጥንዱ በቀር ከሌላ አይገጥምም። ስለዚህ በሁለቱም ላይ ከምልክቴ ስር አንድ ዓይነት ቁጥር መታሁ፤ ከአንድ እስከ አስራ ሁለት።

የሸራው ስፌት ጠባብ ሆነ። ቧንቧው ሳይታገል እንዲገባ የእያንዳንዱን አንድ ጫፍ አግዬ፣ ቀጥቅጬ፣ በሞረድ አሾልኩት። ወንድምሽ ሲያየው አልወደደውም።

"ተወው አባዬ፣ ዱልዱሙ ይበቃል። ታግለን እናስገባዋለን።"

"ከዚህ ቤት ታግለው የሚያስገቡት ነገር አይወጣም።"

"ሰው ሲያየው ሌላ ነገር ይመስላል እኮ።"

"ለማያውቅ ሰው አልሰራም" አልኩት።

ሳቀ። "አንተን ከማሳመን ቧንቧውን በጥርስ ማጠፍ ይቀላል" ብሎኝ ሄደ። ሃያ አራቱንም አሾልኬ ጨረስኩ።

በሰልፉ ቀን ስምንቱ ቃሬዛዎች ወጡ፤ አራቱ ሆስፒታል ቀሩ። እኔ በሬን ገርበብ አድርጌ ስራዬ ላይ ነበርኩ። ከቀትር በኋላ በመጀመሪያ አስለቃሽ ጭሱ መጣ፤ ቀጥሎ የጎማ ጥይቱ፤ ከዚያ የጎማ ያልሆነው። ድምፁ ይለያል። ብረት ሲመታ ስሰማ ሃምሳ ዓመት ኖሬያለሁና አይሳሳትብኝም። ስወጣ አስፋልቱ ላይ ጫማ ብቻ ተበትኗል። አንድ ሰውዬ የሆዱን ቁስል በባርኔጣው ደፍኖ የመብራት ምሰሶ ተደግፎ ቆሟል። ቆሞ መሞቱን ያወቅኩት ሲወድቅ ነው።

ወንድምሽ ከወዲያ ማዶ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ታፋዋን ተመትታ በሰባት ቁጥር ቃሬዛ ላይ ተኝታለች። እሱ ከኋላ ይዟል፤ ከፊት ሁለት ልጆች። አንደኛውን ልጅ አንገቱን መቱት። ቃሬዛው ተዘቀዘቀ፣ ሴትዮዋ ተንከባለለች፣ አግዳሚዎቹ ተነቃቀሉ፣ ሸራው ካንዱ ቧንቧ ወለቀ። ወንድምሽ ባዶውን ቧንቧ እንደያዘ ቀረ። የሾለው ጫፍ ወደ ላይ ነበር።

"ጦር ይዟል!" አለ አንዱ ፖሊስ።

ወንድምሽ ወዲያው ጣለው፤ እጁን አነሳ። "ቃሬዛ ነው" አለ። ስድስት ሆነው በቆመጥና በጫማ ከበቡት። "ቃሬዛ ነው፣ ቃሬዛ ነው" ይል ነበር። ጥርሱ ሲረግፍ ቃሉ ተበላሸ፤ ድምፁ ግን አልቆመም። ሮጥኩ። አንዱ በሰደፍ ትከሻዬን መታኝና የአጥንቴን መሰበር ሰማሁ። በእጄና በጉልበቴ ዳህኩ። ስደርስ ጭንቅላቱን የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ አድርገው ረግጠውት ነበር። ፊቱን አላወቅኩትም። ያወቅኩት በእጁ ነው፤ ልጅ ሳለ በእኔ መቁረጫ የቆረጣት አውራ ጣቱ።

አንደኛውን ቧንቧ ይዘው ሄዱ። ሁለተኛው ሸራውን እንደለበሰ ቦይ ውስጥ ወድቆ ነበር፤ ነርሷ አነሳችው። ልብስ ሰፊዋ በማግስቱ ሞተች።

በአራተኛው ቀን አንድ የፖሊስ መርማሪ ሁለት ሰዎች አስከትሎ ብየዳ ቤቴ መጣ። ቧንቧውን አሳየኝ።

"ይሄ ምልክት የማን ነው?"

"የእኔ።"

"ጦር ሰራህላቸው ማለት ነው።"

"ጦር ብሰራ ባዶ ቧንቧ አልጠቀምም፤ መጀመሪያ ሲወጉበት ይጣመማል። ደግሞስ ጦር ዳርና ዳሩ ቀዳዳ ምን ያደርግለታል?"

"ሽማግሌ፣ ቀልድ አምሮሃል?"

"በስራዬ አልቀልድም።"

ጥንድ እንዳለው ነገርኩት፤ ምነው ባልነገርኩት ኖሮ። ጥንዱ የት እንዳለ ጠየቀኝ። "አውቃለሁ፤ ግን አልነግርህም" አልኩት። "አላውቅም" ብል ይቀለኝ ነበር፤ አላልኩም። የግራ እጄን ብረት በማስርበት በራሴ ሞርሳ ውስጥ ከተው አጠበቁት። ሁለት ጣቶቼ ተሰበሩ። አልነገርኩትም። ራሴን ስቼ ስወድቅ ትተውኝ ሄዱ፤ ተመልሰው እንደሚመጡ አውቃለሁ። ቀኝ እጄ ደህና ነው፤ የእጅ ጽሑፌ እንዳልተለወጠ ታያለሽ።

አሁን ቁም ነገሩን ልንገርሽ። በዚያ ቧንቧ ምክንያት አስራ አንድ ልጆች በሽብር ተከሰው ታስረዋል። ከፊት ይዞ የነበረውና የተረፈው ልጅ አንዱ ነው። አርብ ስምምነቱ ሲፈረም ፎቶው ከሰነዱ ጋር እንደሚያያዝ ጽፈሻል። ከዚያ በኋላ ያ ብረት ጦር ሆኖ ይቀራል፤ ልጆቹም የእድሜ ልክ ይፈረድባቸዋል።

ሰባተኛውን ስበሳ መሰርሰሪያው ሸርተት አለብኝ። ሁለተኛው ቀዳዳ ሦስት ሚሊሜትር ከቦታው ወጣ። ጥሩ ስራ አልነበረም፤ ለማንም አልተናገርኩም። አግዳሚው እንዲገባ ስል ጥንዱንም እንዲሁ አዛንፌ በሳሁት። ከሾለው ጫፍ እስከ መጀመሪያው ቀዳዳ ሠላሳ አንድ ሴንቲሜትር ነው። እስከ ሁለተኛው መቶ ሰማንያ ሰባት ሴንቲሜትር ከሦስት ሚሊሜትር። የቀረው ጥንድ ከነሸራው፣ ከነደሙ፣ ከጎኑ ሜትር ተዘርግቶ የተነሳው ፎቶ ከዚህ ጋር አለ። እነሱ የያዙትን ማንም ሰው ይለካው፤ አንድ ነው። ቁጥሩም አንድ ነው።

አንቺን ዕድሜ ልክሽን ሳዝሽ ኖሬያለሁ። አንብቢ፣ ቀጥ ብለሽ ቁሚ፣ የጀመርሽውን ጨርሺ ስል። አሁን አላዝሽም። እዚያ ጠረጴዛ ላይ የራስሽን ቃል ተናግረሽ ወደዚህ አገር መመለስ እንደማትችይ አውቃለሁ። እናትሽም ታውቃለች፤ ደብዳቤውን እንዳልልክ ለምናኛለች። እኔ ልኬቱን ጽፌልሻለሁ። ሌላውን አንቺ ታውቂያለሽ።

እኔ ሰኞ የልጆቹ ችሎት ሲሰየም ጥንዱን በደህናው ትከሻዬ ተሸክሜ፣ በዋናው መንገድ፣ በጠራራ ፀሐይ እሄዳለሁ። በር ላይ ቢቀሙኝ እንኳ ፎቶው አንቺ ጋ አለ።

ቅዳሜ ሌላ ሰልፍ አለ አሉ። ነርሷ የቀሩትን አራት ቃሬዛዎች ከሆስፒታል አውጥታ ትናንት በእኔ በኩል አለፈች። እዚህ ተያቸውና ነገ ነይ አልኳት። ጨርሼ ያስረከብኩትን ስራ መልሼ ነክቼ እንደማላውቅ ታውቂያለሽ። ዛሬ ጠዋት ስምንቱንም ቧንቧዎች አውጥቼ የሾሉትን ጫፎች ቆረጥኳቸው። ሞርሳውን አልተጠቀምኩም፤ በጉልበቶቼ መሃል ይዤ ነው። ከዚያ ሸራውን አስገብቼ ሞከርኩ። በትግል ነው የሚገባው፤ ግን ይገባል።

ዱልዱሙ ይበቃ ነበር።

ፈጣሪ አፍሽን ይጠብቅልሽ። በምትሄጂበት በር ሁሉ በቅን የሚከፍትልሽ ሰው አይጥፋ። እንቅልፍ ይስጥሽ። እናትሽ ሁለት ጉንጭሽን ስማለች፤ እኔም።

አባትሽ፣
ብየዳ ሠሪው