ለሰማንያኛው ቀን የሚሆን ስም

ሰኞ

ዛሬም ሰውየውን አላገኘሁትም። ሦስት ሳምንት ሙሉ የኮሎምቢያን የቤተ ክርስቲያን መዛግብት በኮምፒውተር ሳገላብጥ ዓይኔ ጠፋ። ባሌ ራፋኤል ኦስፒና ሞሊና ነበር። ስለዚህ ወደ እናቱ ዘር የሚያደርሰኝን አባቱን ኦስፒናን፣ የሞሊናን ልጅ፣ እፈልጋለሁ። የለም። ተወልዶ አያውቅም።

የልጄ የሳራ ሕፃን እሁድ ሰማንያ ቀን ሞልቷት ክርስትና ትነሳለች። ራፋ ሲሞት አንድ አደራ ነው የተወልኝ። ያሳደገችው የእናቱ እናት ቤት፣ ከስፔኖች ዘመን ጀምሮ ለመጀመሪያ ሴት ልጅ የሚሰጥ ስም አለ። እናቱ ሁለተኛ ልጅ ስለሆነች አልደረሳትም። እሱም ስሙን አያውቀውም፤ አያቱን አገሩ ሁሉ ማሚታ ነበር የሚላት። ሳራ ሴት ከወለደች ፈልገሽ ስጫት አለኝ። አራት ዓመት ሆነው።

ማክሰኞ

ወረቀቴን ይዤ ኔሊ ጋ ሄድኩ። ኮሎምቢያዊት ናት፣ እዚሁ በሰው አገር ስቶክዌል ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ነው የምትኖረው። አንብባ መቆም እስኪያቅታት ሳቀች። ለካ በእነሱ አገር ኦስፒና የአባቱ ቤተሰብ መጠሪያ ነው፣ ሞሊና የእናቱ ቤተሰብ። ሰዎች አይደሉም። እኔ እንደ አገሬ ልማድ የአባት ስም፣ የአያት ስም ብዬ ስቆጥር ከርሜአለሁ።

ሠላሳ ዓመት አብሬው ኖሬ! ቤት ውስጥ ራፋ ነው፣ በፖስታ ላይ ሚስተር ኦስፒና፤ ሌላ ምን ብዬ ልጠይቀው? አፈርኩ። ቀጥሎ ናፈቀኝ። ቢኖር ለአንድ ወር ያሾፍብኝ ነበር።

ሐሙስ

ተገኘ!

ኔሊ የድሮ ቄሶችን የእጅ ጽሕፈት እንደ ጋዜጣ ታነባለች። የራፋ የጥምቀት መዝገብ እናቱን ሰጠን። የእናቱ መዝገብ ማሚታን ሰጠን፤ ኢሳቤል ናት። የማሚታ የጋብቻ መዝገብ የእናቷን ስም ይዟል፣ እሷም ኢሳቤል። የእሷም እናት እንደዚያው። እናት በእናት ወደ ላይ ወጣን፣ አራት ኢሳቤል።

ለንስሐ አባቴ ደወልኩ። ኢሳቤል ያው የኛዋ ኤልሳቤጥ ናት ብዬ አስረዳኋቸው። "የእናቶቿ ከሆነማ መልካም፣ ወለተ ኤልሳቤጥ እንላታለን" አሉኝ። ደስ ብሎኝ ብቻዬን እልል አልኩ።

ድሮ ከሥራ መልስ ከኬኒንግተን በእግራችን ስንመጣ ራፋ ስለ ማሚታ ያወራ ነበር። የዘይቱና ማርማላታ ደብቃ የምታበላውን፣ ወንዙ ሲሞላ በጀርባዋ የምታሻግረውን። እኔ እግሬን እያመመኝ እህ እል ነበር። ምናለ ደህና አድርጌ ሰምቼው ቢሆን።

ዓርብ

አምስተኛዋ ላይ ደረስን። አገሩን ገና ስፔን የሚገዛበት ጊዜ ነው። ኔሊ ማንበብ ጀምራ መስመሩን በጣቷ ደግማ ተከተለች። ምነው አልኳት። ቀስ ብላ ተረጎመችልኝ፦ ኢሳቤል ተጠመቀች፤ አባቷ አይታወቅም፤ እናቷ የዶኛ ኢሳቤል ባሪያ።

የእናትየዋ ስም የለም። የእመቤቲቱ ግን አለ። ለካ ስሙ የእሷ ኖሯል።

ራፋ "ከስፔን የመጣ ስማችን" እያለ ሲኮራ ትዝ አለኝ፣ አለቀስኩ። ምነው ባልፈለግኩት ኖሮ። አሁን ይህን ስም በሕፃኗ ላይ ላውጣው? ብተወው አደራ በላ ልሆን ነው፤ ብሰጣት ደግሞ የባሪያ ጌታ ስም ላሸክማት ነው። ሳራን ልደብቃት አሰብኩ። አደራው ተፈጸመ ብዬ ዝም ብል ማን ያውቃል?

ቅዳሜ

መደበቅ አልሆነልኝም። ጠዋት ሄጄ ሁሉንም ነገርኳት። ሕፃኗን እያጠባች ሰማችኝ። ፊቷን ከሕፃኗ አላነሳችም፤ የተቆጣች መሰለኝ።

"እማዬ፣ ያቺ እመቤት አንዴ ነው የሰጠችው። ይዘውት የኖሩት እነ ማሚታ ናቸው። ቼንጅ አናደርገውም።"

እዚህ የተወለደች ልጅ ምን ታውቃለች ስል የኖርኩት እኔ ነኝ። የነገን ልብስ ልተኩስ ተነሳሁ።

እሁድ

ወለተ ኤልሳቤጥ ተጠመቀች። ውኃው ሲነካት ቤተ ክርስቲያኑን በጩኸት ሞላችው። ኔሊም ነጠላ አውሼያት መጣች፣ ከእኔ ይልቅ ያለቀሰችው እሷ ናት።

ከቅዳሴ በፊት ቄሱ የሚያስቧቸውን የሙታን ስም በወረቀት ሰጥቻቸው ነበር። ራፋኤል። ከዚያ ኢሳቤል፣ ኢሳቤል፣ ኢሳቤል፣ ኢሳቤል፣ ኢሳቤል። ካቶሊኮች ናቸው አላልኩም፤ እሳቸውም አልጠየቁኝም። ስጽፈው ከሁሉም በላይ ያለችው ላይ ስደርስ ግን እስክሪብቶዬ ቆሞ ነበር። የምጽፍላት ስም የለም። በመጨረሻ "የኢሳቤል እናት" ብዬ ጻፍኩ፤ በአገራችንስ እናት በልጇ ትጠራ የለ?

ቄሱ ስሞቹን ሲያነቡ ጆሮዬን አቁሜ ጠበቅኩ። እዚያ ቦታ ላይ ትንሽ ቆም አሉ። ከዚያ አነበቧት።