ክቡር ዜኖን እጃቸውን ሰጡ

ጥር 6

ዕጣ ወጣ። ለቃል ፈተናው የደረሰን ርዕስ፦ «በክቡር ጋዞች ውህዶች ውስጥ የፓይ ትስስርና የኦርቢታል መደራረብ»። ጉድ ፈላ! አብረውኝ የሚፈተኑት ደግሞ እትዬ ነርስ ናቸው፤ ከሆስፒታል ፈቃድ ወስደው የሚማሩት፣ የክፍላችን ትልቅ ሰው። አንድ ውጤት ለሁለት።

«ስማ አንተ ልጅ፣ ፈቃድ የሰጡኝ ለዚህ ዓመት ብቻ ነው። ከወደቅን ትምህርቴ እዚህ ላይ አበቃ» አሉኝ።

በኔ ተማምነው... ወይ የሳቸው ዕዳ!

ጥር 8

ስማቸው «ክቡር» ነውና ጋዞቹን በአንቱታ እያጠናሁ ነው። ክቡር ዜኖን ቤታቸው ሙሉ ነው፤ ዳር ላይ ስምንት ኤሌክትሮን አላቸው፣ ማንንም አይፈልጉም። ግን ግዙፍ ስለሆኑ የዳሮቹን ጠበቅ አድርገው አይዙም። ያ ስግብግብ ፍሎሪን መጥቶ ሲጎትት... እጃቸውን ሰጡ። እስከዚህ ገብቶኛል። ችግሩ ዜኖንም እሳቸው፣ እትዬም እሳቸው... የጻፍኩትን መልሼ ሳነበው ኤሌክትሮን ያዋጡት የትኛዋቸው እንደሆኑ ጠፋኝ።

ጥር 11

«መደራረብ» ሲሉ መደረብ መሰለኛ! ሹራብ በሹራብ ላይ። ካልሲዎቼን በጥጥ ጠቅጥቄ የኤሌክትሮን ማደሪያ አስመሰልኳቸው፤ አንዱን ኦርቢታል ሌላው ላይ ከምሬ ለእትዬ በኩራት አሳየኋቸው።

ትክ ብለው አዩት። «ይሄ ኬሚስትሪ ነው ወይስ የሚታጠብ ልብስ?»

በሳቅ ሞትኩ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ፈራሁ።

ጥር 13

እትዬ ቤቴ መጡ። «ተነስ፣ ኦርቢታል ሁን! አንዱ ጫፍህ አናትህ፣ ሌላው እግርህ።»

ጎንበስ ብለን አናት ለአናት ስንገጥም ሲግማ የሚሉት ጠንካራው ትስስር። ጓ! አናቴ አበጠ። ጎን ለጎን ቆመን ራስ ከራስ፣ እግር ከእግር ስናነካካ ደግሞ ደካማው፣ ፓይ። ለካ መደራረብ መከመር አይደለም... መጠጋጋት ነው! ገባኝ፣ ገባኝ እያልኩ ስጮህ አከራዬ በሩን ከፈቱት።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ፓይ ነው፣ እማማ።»

«ጭራሽ ስምም አውጥታችሁለታል!»

ጥር 14

እማማ ሰላምታዬን አልመለሱም።

ጥር 17

ፈተና። ፈታኛችን፣ ፂማሙ መምህር፣ እኔ ላይ አፈጠጠ። «ዜኖንና ኦክስጅን መሃል ፓይ አለ?»

እትዬ ላብ በላብ ሆነዋል። የድሮ መጻሕፍት የሚሉትን ጀመርኩ፦ የኦክስጅን ሙሉ ፒ ኦርቢታል ከዜኖን ባዶ ዲ ኦርቢታል ጋር ጎን ለጎን ይደራረባል... ግን ጉልበታቸው አይመጣጠንም፣ አዳዲሶቹ ስሌቶችም ድርሻው ትንሽ ነው ይላሉ...

«አለ ወይስ የለም?»

ምን ልበል? ባጭበረብር እትዬን ይዤ ገደል መግባቴ ነው።

«ስም ወጣለት እንጂ ብዙም የለም» አልኩ። «አጥብቆ የያዛቸው ሲግማውና የቻርጅ መሳሳቡ ነው።»

ፂማሙ ሳቀ። «በሉ ሂዱ፣ አልፋችኋል!»

ኮሪደሩ ላይ እትዬ እያለቀሱ ለልጃቸው ደወሉ። «አልፌያለሁ እኮ! ብቻዬንማ አይደለም... ከጓደኛዬ ጋር ነው።»

ጓደኛዬ? የትኛው ጓደኛቸው? ዞር ብዬ አየሁ። ከኋላዬ ማንም የለም።