በመስታወት በሩ ላይ ያለው ምልክት

እትዬ፣ እንደምን ከርመሻል? ወገብሽስ እንዴት ሆነልሽ? የእማዬ ዓይን ተሻላት ወይስ አሁንም መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ቤቱን ስታምስ ትውላለች? እኔ ደህና ነኝ፤ ማለቴ እበላለሁ፣ እሠራለሁ። እንቅልፍ ግን እንቢ ብሎኛል።

የራሴን የታፔላ መጻፊያ ሱቅ ሰኞ እከፍታለሁ። ለሰው ስንቱን ስጽፍ ኖሬ፣ ለራሴ አንድ ምልክት ማውጣት እንዲህ ያንገላታኛል ብዬ አላሰብኩም። የስሜን መጀመሪያ ፊደል በእጄ እየጻፍኩ ወር ሙሉ ወረቀት ፈጀሁ። አንዱ ይወፍርብኛል፣ አንዱ የመድኃኒት ቤት ይመስላል። በመጨረሻ ጭራው ረዘም ብሎ የሚታጠፍ አንድ ልቤን ሞላው። በካርዱም፣ በደረሰኙም፣ በበሩም ላይ እሱ እንዲሆን ቆረጥኩ።

መስታወት ላይ ስንጽፍ ዝናብ እንዳይነካው ከውስጥ በኩል ገልብጠን ነው፤ ከመንገድ ሲያዩት ይቃናል። ጭራው ብቻ ሲቀረኝ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ አየሁት። እትዬ፣ ክው አልኩ። ከውስጥ ሲታይ የአባባ ምልክት ነው፤ ያ በግራ እጁ፣ በጋለ ብረት፣ ከሚሠራው ወንበር ሁሉ ሥር የሚተኩሰው።

አናጢነቱን ትቼ ስወጣ ያለኝን አንቺም ሰምተሻል፤ ምልክቴን ሥራህ ላይ እንዳላይ ነበር ያለው። ሳንታረቅ ሞተ። ይኸው ሦስት ዓመት ያ ቃል ይከነክነኛል። ስለዚህ ልፍቀው ብዬ በሩን ቆልፌ ምላጭ ልገዛ ሄድኩ።

ስመለስ በሩ እንደተቆለፈ ነው፤ ጭራው ግን ተጽፎ አልቋል። ብነካው ቀለሙ ጣቴን አረጠበው። ብሩሹ ከጣሳው በስተግራ ተጋድሟል፤ እኔ ሁልጊዜ በቀኝ ነው የማስቀምጠው። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ ብቅ ብላ፣ አባትህ ሲሠሩ እንዴት ይጠነቀቃሉ፣ በመስታወቱ ሰላም ብላቸው ቀና እንኳ አላሉም አለችኝ። የቱ አባቴ ብላት፣ ቁርጥ አንተን የሚመስሉት፣ በግራ እጃቸው የሚጽፉት ናቸዋ፣ ስንት አባት አለህ ብላ ሳቀችብኝ። መሞቱን ሳልነግራት ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

ፈርቻለሁ፣ አልዋሽሽም። ግን እትዬ፣ ሊያጠፋው ቢፈልግ መጥረጊያው ጨርቅ እዚያው አጠገቡ ነበር። እሱ ግን ጨረሰልኝ። ምላጩን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ ይህን ደብዳቤ ግን እንዳታነቢላት። ለባልሽ ለጋሼ፣ ለዚያች ለወሬኛዋ ልጅሽም ሰላምታዬ ይድረሳቸው። የአባባ መቃብር ስትሄጂ ግን የእኔን ሰላምታ አታድርሺ። ወንበሬን ወደ በሩ አዙሬዋለሁ፤ ጠዋት ጠዋት ሰላምታውን እኔው እሰጠዋለሁ።

ወንድምሽ
ከአዲሱ ሱቄ፣ ኅዳር 14 ቀን