ለሰናይት ፎቶ ቦታ ጠፋ

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

ነገ የእህቴ የሰናይት አርባ ነው። እማዬ ትልቁን ፎቶዋን ሳሎን እንድሰቅል አዘዘችኝ። የኮንዶሚኒየማችን ግድግዳ ግን ሰናይት በሰበሰበቻቸው ሥዕሎች ተሞልቷል።

የእድራችን ዳኛ ጋሽ ሙላት ወንበር ይዘው ሲገቡ አዩና ሳቁ።

«ማርኬቲንግ አስተምራ ፕሮፌሰር የሆነች ልጅ አንዱን እንኳ አልሸጠችም?»

«ደሞዟን ሁሉ እዚህ ነው የሰቀለችው» አለች እማዬ። እሷም ሳቀች፤ ወዲያው ግን አለቀሰች።

«በል አንዱን አውርድ፣ የኔ ልጅ» አሉኝ።

ወንበር ላይ ወጣሁ። ሁሉንም የሰቀልኩት እኔ ነኝ። ሰናይት በሩ ጋ ቆማ «ወደ ግራ ማሙሽ፣ አሁንም ተጣሟል» ትለኝ ነበር። የቱንም ማውረድ አቃተኝ።

ፎቶዋን እዚያው በሩ ጋ፣ ፊቷን ወደ ሥዕሎቹ አዙሬ አስቀመጥኩት። ነገ እንግዳ ሲገባ የሚያየው የፎቶውን ጀርባ ነው። እማዬ ግን አየችውና «ተወው» አለች።