ለሩስታም ያልተነገረ መርዶ

ታዴ፣ ዓለሜ፣

ከተለየኸን አሥር ወር ሆነ። ተዝካርህን እንደ አቅማችን አወጣን። ዘንድሮ የርብ ወንዝ ውኃ አጥሩን አልፎ ጓሮ ገብቶ ነበር፤ ሩዙ ግን ደኅና ነው። ልጃችን ሰላም ዘጠነኛ ክፍል ገባች፤ በቁመት አንተን ልታክል ነው። የምጽፍልህ ግን አንድ ነገር ግራ ቢገባኝ ነው።

የሩስታም ደብዳቤ መጣ፤ እንደ ልማዱ በመስከረም። ታሽከንት መስኖ ስትማሩ አብሮህ አንድ ክፍል ያደረው ጓደኛህ መሞትህን አልሰማም። አንተ እያለህ ደብዳቤውን ጮክ ብለህ ታነበው ነበር፤ እኔም አንድ ቃል ሳይገባኝ፣ አንተ ስለሳቅህ ብቻ እስቅ ነበር። አሁን ሩስኛ አንባቢ ፍለጋ ሐሙሲት ከተማ ሄድኩ። ጋሽ መኮንን የሚባሉ፣ በደርግ ጊዜ ሩሲያ የተማሩ መካኒክ አሉ፤ ዛሬ ጎሚስታ ናቸው። እጃቸውን በጋዝ ታጥበው አነበቡልኝ። ሞተር ሳይክሉ አልነሳ ሲልህ የምትላትን የሩስኛ ቃል ትርጉሟን ብጠይቃቸው፣ ለሴት አይነገርም ብለው አቀረቀሩ። እኔ ስንት ዓመት ጸሎት ይመስለኝ ነበር።

ሩስታም በደብዳቤው፣ አገራቸው ራሷን ከቻለች ወዲህ ትምህርቱም ቢሮውም ወደ ኡዝቤክኛ ዞሯል አለ፤ ፊደሉም ተቀይሯል። የእናቱ ቋንቋ ነውና ደስ ብሎታል። ልጆቹ ግን የእሱን የድሮ መጻሕፍት ማንበብ አቅቷቸዋል። በሩስኛ አብሮት የሚጻጻፍም ካንተ በቀር ሰው የለውም። አንተ ከተውከኝ ይህን ቋንቋ ከማን ጋር እጨርሰዋለሁ ይልሃል።

እኛም ዘንድ ያው ነው። የወንድምህ ልጅ ከሶዶ በወላይትኛ ጻፈችልን፣ በላቲን ፊደል። ሰላም ፊደሉን ትለቅማለች እንጂ ምን እንደሚል አታውቅም። አንተ በልጅነትህ ክፍል ውስጥ በእናትህ ቋንቋ በመናገርህ የተገረፍከውን ሳስታውስ፣ ልጅቱ በቋንቋዋ መጻፏን እሰይ እላለሁ። ወዲያው ደግሞ የአንድ አያት ልጆች በምን ሊጫወቱ ነው እላለሁ። የቱ ልክ እንደሆነ አላውቅም። ሰላምን ለምን አላስተማርካትም ብዬ እቆጣሃለሁ፤ እኔስ መች አስተምራት አልኩህ።

ጋሽ መኮንን፣ ለሩስታም ሁለት መስመር ልጻፍለትና ይወቀው አሉ። እንቢ አልኩ። መርዶ በማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ በቅርብ ሰው አፍ ነው የሚነገረው። የማያውቀው ሰው በፖስታ ከትቶ ሞተ ይበለው? ዝም ብዬ እንዳልተወውም፣ ሰውየው በየቀኑ መልስህን እየጠበቀ ነው።

ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ሐሙሲት እየሄድኩ ሩስኛ እማራለሁ፤ መርዶውን በገዛ እጄ ልጽፈው። ስምህን መጻፍ ችያለሁ። ጋሽ መኮንን ጎበዝ ነሽ፣ ለጥምቀት ትጨርሻለሽ ይሉኛል። ሆን ብዬ እንደምዘገይ አያውቁም።

እኔ መቼም አልረሳህም፤ እሱን አትጠራጠር። ግን ያቺን አንዲት ቃል እስክጽፋት ድረስ፣ በሩስታም ቤት በሕይወት አለህ።

ያንተው ብዙዬ