ከቃሌ ፍቺኝ

ለልጄ ለምሥራቅ አየነው
ኩዌት

ልጄ ምሥራቅ፣ እንደምን ከርመሻል? ጤናሽ እንዴት ነው? ያመመሽ ወገብሽ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ቀና ስትይ ይወጋሻል? ማዳምሽስ እንቅልፍ ትሰጥሻለች? የፈጣሪ ቸርነት አይለየንና እኔና እናትሽ ቆመን እንሄዳለን። ዓይኔ ስለደከመ ይህን የምጽፍልሽ ወንበር ወደ ደጅ አውጥቼ፣ ፀሐይዋን በጀርባዬ አድርጌ ነው። ልጅሽ ሶስና ደኅና ናት። እናትሽን «እማ» ትላታለች፤ ያንቺን ፎቶግራፍ ስናሳያት ግን እኛ ስንጠራሽ እንደምትሰማው «ምስሪ» ትልሻለች። ደኅና ናት ያልኩሽ ዛሬ ጠዋት አይቻት ነው። ስለ ነገ መናገር አልችልም፤ ደብዳቤውንም ያስጻፈኝ ይኸው ነው።

በቅድሚያ የቤቱን ወሬ ልንገርሽ። ገብሱ ታጭዶ ተከምሯል፤ ድንቹም አላሳፈረንም። ለከሰል የደረሰው የዲከረንስ ዛፍ ግን እንደ ሰው ሁሉ የእኛም ደረቀ። ቅጠሉ ይቀላና ዛፉ እንደቆመ ይሞታል። መድኃኒቱን የሚነግረን አላገኘንም።

የአገሩን ነገር እንዴት አድርጌ ልጻፍልሽ? ቀን የሚያዝዘን ሌላ፣ ማታ የሚያዝዘን ሌላ ነው። ዕድሜዬን የጨረስኩበት ትምህርት ቤት በመስከረም ሳይከፈት ቀርቷል። እንደምታውቂኝ እኔ የድሮ ሰው ነኝ። ነገር በሽማግሌ ይታይ፣ ታናሽ ታላቁን ይስማ፣ መንግሥትም ወደ ሰው ደጅ ሲመጣ አንኳኩቶ ይግባ እላለሁ። ወጣቶቹ «ጋሼ፣ ይሄ የእርስዎ ጊዜ አይደለም» ይሉኛል። ሹማምንቱ ደግሞ ስብሰባ ጠርተው፣ አስጨብጭበው፣ ሳይጠይቁን ይሸኙናል። ዛሬ ቃል የገባልን ሹም በዓመቱ ስንፈልገው ወንበሩ ላይ ሌላ ሰው እናገኛለን። በዚህ የተነሳ ሰው ከላይ የመጣን ነገር ሁሉ ይፈራል። ማዳበሪያም ቢሆን፣ ምዝገባም ቢሆን፣ መርፌም ቢሆን ይፈራል። አልፈርድበትም። በእኛ ጊዜ ጤና ረዳቱ መርፌውን ከማውጣቱ በፊት ቄሱንና ሽማግሌዎቹን ያስፈቅድ ነበር፤ ሰዉ የተወጋው መርፌውን ስላወቀ ሳይሆን ያመጣውን ሰው ስላመነ ነው።

በሐምሌ መጨረሻ፣ ኔትወርኩ ሊቋረጥ ጥቂት ቀን ሲቀረው የደወልሽልኝን አትረሺውም። ሶስና የኩፍኝ ክትባት የሚገባት ጊዜ ደርሶ፣ ጤና ኬላው ተዘግቶ ስለነበር አልፏት ነበር። መልሶ ሲከፈት ላስከትባት ነው ብልሽ፣ መርፌው ሴት ልጅን ያመክናል የሚል ቪዲዮ እዚያ ያላችሁ ልጆች ተቀባብላችሁ እንዳያችሁ ነገርሽኝ። ላስረዳሽ ስጀምር አለቀስሽ። ከዚያ «አባባ፣ በእንጅባራ ጊዮርጊስ ይዤዎታለሁ፤ ልጄን መርፌ እንዳያስነኩብኝ» አልሽኝ። ልቅሶሽን አልቻልኩትምና «እሺ፣ ተይዣለሁ» አልኩሽ። በእኛ አገር በጊዮርጊስ ተይዞ ያፈረሰ ከፈረስ ይወድቃል ይባላል። እኔ ፈረስ የለኝም፤ ልጅና የልጅ ልጅ ግን አለኝ።

በጥቅምት በአዘና በኩል ኩፍኝ ገባ ሲባል ሰማን። በኅዳር፣ በገበያ ቀን፣ የጤና ሠራተኞች ድምፅ ማጉያ በባጃጅ ጭነው ወደ ጥርባ መጡ። ማጉያው ያንቀዋል፤ ቃሉን እየቆራረጠ ነው የሚያወጣው። እነሱ «የክትባት ዘመቻ ስለሆነ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ውጡ» ይላሉ፤ እኛ ጆሮ የደረሰው «ክት… ዘመቻ… ልጆቻችሁን… ውጡ» ነው። ክተት ታወጀ ተብሎ ገበያው በአንድ ጊዜ ተበተነ። በአዊኛ እንጂ በአማርኛ እምብዛም የማይግባቡት የገጠር እናቶች «ዘመቻ» የምትለዋን ብቻ ለይተው ጎረምሶቻቸውን ወደ ጫካ ነዱ። የጎረቤታችን የይኸነው ትልቁ ልጅ ጎተራ ውስጥ ገባ። አብራሽ የተማረችው ደጊቱ አሁን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት፤ በየደጁ እየዞረች ሰዉን ስታረጋጋ፣ ልጁ ጢሙ ላይ ገለባ ተጣብቆ ከጎተራው ብቅ አለ። «አንተ ጎረምሳ፣ እኔ የመጣሁት አምስት ዓመት ላልሞላው ነው፤ ወይስ ጡት አልጣልክም?» አለችው። ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ ሁሉ «ጡት ያልጣለው» ይለዋል። ክትባትንና ክተትን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ለያይቼ ማስረዳት እችላለሁ፤ በፈራ ሰው ጆሮ ግን አንድ ናቸው።

ሰዉ ሲረጋጋ ጥቂት እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ወጡ። እኔም ሶስናን ታቅፌ ቀረብኩና እንደ ልማዴ ጠየቅሁ። መብራት በጠፋበት አገር መድኃኒቱ እንዴት ሳይበላሽ ቆየ አልኳት። ደጊቱ አልተቆጣችም። ከእንጅባራ በበረዶ ሣጥን እንደመጣ ነገረችኝ፤ ሙቀት ሲያገኘው የሚጠቁረውን የብልቃጡን ምልክትም አሳየችኝ፤ አልጠቆረም ነበር። ትኩሳትና የክንድ እብጠት ሊያመጣ እንደሚችል አልደበቀችኝም። ስለ ማምከኑ ስጠይቃት ግን ሳቀችና «ጋሼ፣ እኔና ምሥራቅ በአንድ ቀን አይደል የተወጋነው? ይኸው ሁለታችንም ወልደናል» አለችኝ። ቢሆንም ቃሌ ያዘኝና ልጅቱን እንደታቀፍኩ ወደ ኋላ አፈገፈግሁ። ይኸነው ታናሽ ልጁን ይዞ ከኋላዬ ቆሞ ነበር። እኔን አየኝ፤ ልጁን አየና ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ምሥራቅዬ፣ ያ ልጅ ባለፈው ሳምንት በኩፍኝ አረፈ። ከሶስና ጋር አፈር ሲፈጭ የሚውለው ነው። ቤቱን አጨልመው፣ ጠያቂ ከልክለው ጠበቁት፤ አልተረፈም። ለቅሶ ልደርስ ስገባ ይኸነው ተነሥቶ ወንበሩን ለቀቀልኝ። ሌላው ሰው ዞር ሲል ቀስ ብሎ «መምህር፣ እርስዎ ያላስከተቡትን እኔ መሃይሙ እንዴት ላስከትብ ብዬ ነው» አለኝ። ወቀሳ አልነበረበትም። ቢወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር። ስለ ቃሌ ልነግረው አፌን ከፈትኩና፣ ልጁ ለሞተበት ሰው ይህ ምን ይሠራለታል ብዬ ተውኩት።

ከለቅሶው ቤት በቀጥታ ወደ ንስሐ አባታችን ወደ መምሬ ትዕዛዙ ሄድኩ። «አንተ ደመወዝ ስትቀበል እንኳ ሦስት ጊዜ አንብበህ የምትፈርም ሰው፣ ምን ነክቶህ በአንድ ትንፋሽ ተያዝክ?» አሉኝ። እሳቸው የልጃቸውን ልጆች አስወግተዋል፤ መርፌውን አይቃወሙም። «የያዘችህ እሷ ናት፤ እሷው ትፍታህ። ላክባት» አሉኝ። በምን ልላክብሽ? ስልኩ አይሠራም። እንጅባራ ድረስ ሄጄ ሞከርኩ፤ እዚያም የለም። ይህን ደብዳቤ የምታመጣልሽ የጫግኒዋ ምህረት ናት፤ ለዕረፍት መጥታ ወደ ኩዌት ልትመለስ ነው። መንገዱ ከተከፈተ በሚኒባስ አዲስ አበባ ትገባለች፤ ካልተከፈተ መቼ እንደምትወጣ እሷም አታውቅም።

የክትባት ሠራተኞቹ ደግሞ ነገ ጤና ኬላው ድረስ ይመጣሉ። ደጊቱ ትናንት ልትነግረን መጥታ ነበር፤ ከነገ በኋላ መንገዱ አይታመንምና ዳግመኛ ስለመምጣታቸው ቃል አልገባችልንም። እሷ እንደወጣች እናትሽ ነጠላዋን አጣፍታ «የያዘችው አንተን ነው። እኔን ማን ያዘኝ?» አለችኝ። ሂጂ ብላት በእጄ እንዳፈረስኩት ነው። ቅሪ ብላት የይኸነው ቤት ፊት ለፊቴ ነው፤ ጭሱ እየታየኝ ነው የምጽፍልሽ። እሷም ዝምታዬን እንደ እሺታ ቆጥራ የልጅቱን ልብስ ማጠብ ጀመረች።

ነገር ግን መንገዱ ከጤና ሠራተኛ በቀር ስለተዘጋ ባጃጅ የለም፤ ጤና ኬላው ድረስ ያለው ዳገት ደግሞ እናትሽ ልጅ አዝላ የምትወጣው አይደለም። ስለዚህ ሶስናን እስከ በሩ ድረስ የማዝላት እኔ ነኝ። ከበሩ ወደ ውስጥ እናትሽ ትይዛታለች። ይህ ቃል መጠበቅ ይሁን ቃል ማፍረስ ሌሊቱን ሳወጣ ሳወርድ አደርኩ፤ አልተፈታልኝም። መርፌው ቢጎዳት ተጠያቂው እኔ ነኝ። ኩፍኙ ቀድሞን ከሆነም እኔው ነኝ። እናትሽን አንዳች ቃል እንዳትናገሪያት።

ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ ነገ የምለው ቀን ካለፈ ሰንብቷል። ቢሆንም አንብበሽ እንደጨረስሽ፣ እዚያው ባለሽበት፣ ድምፅሽን አውጥተሽ «አባቴን ለቅቄዋለሁ» በይልኝ። እኔ ባልሰማሽም ጊዮርጊስ ይሰማሻል።

እናትሽ ዘውድነሽ ዓይንሽን ስማለች። ወንድምሽ ሰውነት ከጫግኒ መምጣት ባይችልም በሰው ሰላም ብሎሻል። አክስትሽ እናትነሽ ጸሎት ላይ ስምሽን አትረሳም። ደጊቱ «የተወጋሽበትን ክንድሽን እዪልኝ በሏት» ብላ ስቃለች። ይኸነውም ሰላም በሉልኝ ብሎኛል፤ ለእሱ ሁለት መስመር ጻፊለት፤ ምን ብለሽ እንደምትጽፊለት ግን አልነግርሽም፤ አላውቅምና። ሶስና አጠገቤ ቁጭ ብላ እስክሪብቶዬን ትጎትታለች፤ ከታች ያለው ጭረት የእሷ ነው።

አባትሽ አየነው
ጥርባ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 2016 ዓ.ም.