የኋላ ጎማውን ዳዶ ፈታሁት

ደርዬ፣ ሆዴ፣

እንዴት ነህ አልልህም፤ ያለህበትን እሱ ፈጣሪ ያውቃል። ከተለያየን ሙት ዓመትህ ሊደርስ ነው። እኔ ደህና ነኝ ብዬ አልዋሽህም፤ ከጠዋት ጀምሮ መቀመጥም መቆምም አቅቶኛል። ልጅህ ዛሬ በሞተር ሳይክልህ ወደ ሥራ ሄዳለች።

አትቆጣ፣ መጀመሪያ ስማኝ። ሊዲያ ኢምባካሲ አንድ የዕቃ መጋዘን ውስጥ ሥራ አግኝታለች፤ አንተ ትሠራበት ከነበረው ብዙም አይርቅም። ከቤታችን ከሳውዝ ሲ በማታቱ ታክሲ ስትሄድ ሞምባሳ ሮድ ላይ ትራፊኩ አስሮ ያስቀራታል። አለቃዋ እንደገና ካረፈድሽ እዚያው ቤትሽ ቅሪ ብሏታል። እሷም፣ ማሚ፣ የዳዲ ሞተር እኮ ዝም ብሎ ቆሟል አለችኝ። መንዳቱን ያስተማርካት ራስህ ነህ፣ ፈቃዷንም አውጥታለች፤ ምን ልበላት? እኔ ግን ሞተሩ በመቆሙ ደስ ብሎኝ ነበር። ማታ ማታ በሩን እስክትከፍት ልቤ እንዴት ተሰቅሎ ይቆይ እንደነበር አታውቅም።

ካረፍክ በኋላ ብርድ የሚነካው መስሎኝ ሞተሩን ጋቢህን አልብሼ ላስቲክ ደረብኩበት። ሳቅ እንጂ! ጋቢው በላስቲኩ ሥር የገባውን የዝናብ ውሃ ጠጥቶ ጠጥቶ ብረቱን አዛገው። የኋላ ጎማው ተሰነጣጥቆ መለወጥ ነበረበት፤ ጎማው እንዲወጣ ደግሞ ትልቁ ዳዶ መፈታት አለበት። እሱም በጀ አልል አለ። ዝገቱ ብቻ መቼ ሆነና፣ ያጠበቅከው አንተ ነህ! አንተ የዘጋኸው የማር ጠርሙስ እንኳ ጎረቤት ተጠርቶ ነበር የሚከፈተው።

ሙቱዋ፣ በራችን ላይ ሞተር የሚጠግነው ፈንዲ፣ ዘይት አጠጣው፣ በመዶሻ ቀጠቀጠው፣ የመፍቻ ቁልፉን በቧንቧ አስረዝሞ ተንጠለጠለበት። ወይ ፍንክች! በመጨረሻ፣ ማማ ሊዲያ፣ ይሄ እንግዲህ ለቁራሌ ነው ብሎኝ ሄደ። እሰይ አልኩ በልቤ። ሊዲያ ግን መዳፏ ውሃ እስኪቋጥር ታገለችው። እኔ መስኮቱ ጋ እሄዳለሁ፣ እመለሳለሁ፣ ደግሞ እሄዳለሁ። እንዴት እንደሚፈታ አውቃለሁ እኮ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሞተሩን ደግፌ ስይዝልህ ስንቴ አሳይተኸኛል። ዝም ብል ሥራዋ ይቀራል። ብናገር ልጄን ለዚያ መንገድ መስጠቴ ነው። ደግሞም ያን ዳዶ ለመጨረሻ ጊዜ ያጠበቀው ያንተ እጅ ነው፤ ሕመሙ አልጋ ላይ ሳይጥልህ በፊት። ከዚያ ወዲህ ማንም አልነካውም።

ከዚያ ስታለቅስ ሰማኋት። ዳዲ ቢኖር ይፈታው ነበር ትላለች ለብቻዋ። ይህችን አልቻልኳትም፣ ወጣሁ። ቁልፉን ተቀብዬ ወደ ማጥበቂያው አቅጣጫ ገፋሁት። ማሚ፣ ሮንግ ሳይድ! ብላ ጮኸችብኝ። አንተ እንዳስተማርከኝ ነው ያደረግኩት፤ መጀመሪያ ትንሽ ማጥበቅ፣ ዝገቱ ሲላቀቅ ወደ መፍቻው አቅጣጫ መመለስ። ቋ አለ። ከዚያ ዞረ። ደርዬ፣ እጅህ ከእጄ የወጣ ያህል ነው የተሰማኝ። እሷ አቅፋኝ ትዘላለች፣ እኔ ዳዶውን በመዳፌ ይዤ ቆሜያለሁ።

አዲሱን ጎማ ስትገጥም ዳዶውን ራሷ አጠበቀችው። ቁልፉ ላይ በሁለት እግሯ ቆማ! የአባቷ ልጅ፣ እሱንስ ማን ይፈታው ይሆን?

ዛሬ ጠዋት ሄልሜትህን አጥልቃ ወጣች። ከሄድክ ጀምሮ ጠዋት ሻማ አብርቼ ስጸልይ መጀመሪያ የምጠራው ያንተን ስም ነበር። ዛሬ የእሷን ጠራሁ፤ ያንተን ረሳሁት። አትቀየመኝ። አንተን ከእንግዲህ ምንም አያገኝህም፤ እሷ ግን መንገድ ላይ ናት። ስደርስ መልእክት እልካለሁ ብላኛለች። ከዚህ ኢምባካሲ ይህን ያህል ያቆያል? ስልኩን አነሳዋለሁ፣ አስቀምጠዋለሁ፣ ድምፁ ጠፍቶ ይሆን ብዬ ደግሜ አነሳዋለሁ።

ቆይ፣ ጮኸ። ማሚ ደርሻለሁ ይላል።

ደረሰች፣ ሆዴ። እንግዲህ ያንተን ስም ልጥራ። ነገም፣ ከነገ ወዲያም፣ በሕይወት እስካለሁ እጠራዋለሁ፤ ከእሷ ቀጥሎ።

ያንተው ጽጌ